የማዳበሪያ ድጎማውና ወለድን የሸሸው ገበሬ



ስለ ወለድ ስናወራ ወሬያችን ሁሉ የከተማ ነው። የመኪና ብድር፣ የኮንዶሚኒየም ዕዳ፣ የሱቅ ማስፋፊያ፣ ሳንጠይቅ ሒሳባችን ላይ የተጨመረውን ወለድ ምን እናድርገው የሚለው ጥያቄ። ከጁሙዓ ሶላት ወጥተን ሻይ ቤት ስንቀመጥም ይኸው ነው። ገጠር ያለው አጎታችን በሰኔ ወር ከወለድ ጋር ምን ዓይነት ትግል እንደሚገጥም ግን ጠይቀነው አናውቅም። ዛሬ ስለ ማዳበሪያ ልናወራ ነው። «ማዳበሪያ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ካላችሁ፣ ጠዋት የበላችሁት ፍርፍር ጤፉ ኮብልስቶን ላይ አልበቀለም።

የገበሬ ድጎማ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ገበሬው እጅ ላይ የሚቆጠር ብር ነው። በአገራችን እንደዚያ አይደለም። (በሴፍቲኔት ለምግብ ዋስትና ችግረኛ ወረዳዎች የሚከፈለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።) ትልቁ የእርሻ ድጎማ ማዳበሪያው ዋጋ ውስጥ ነው ያለው። የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ከውጭ ይገዛል፣ በጅቡቲ ወደብ ይገባል፣ ወደ ዩኒየኖች መጋዘን ይጓጓዛል፣ ከዩኒየን ወደ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ይወርዳል፣ ገበሬው ከቀበሌው ማኅበር 50 ኪሎ 50 ኪሎ በሚመዝን ጆንያ ይገዛል። መንግሥት የሚያደርገው፣ ማዳበሪያው እዚያ እስኪደርስ በወጣበት ዋጋና ገበሬው በሚከፍለው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ከፊሉን መሸፈን ነው።

ይህ ድጎማ ጎልቶ የመጣው በ2014 ዓ.ም. ነው። በዓለም ገበያ አንድ ቶን ዩሪያ በ2020 እ.ኤ.አ. በአማካይ ወደ 230 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት በተቀሰቀሰ ሰሞን ከ900 ዶላር አለፈ። መንግሥት በዚያ ዓመት 15 ቢሊዮን ብር ደጎመ። ከዚያ ደግሞ ሐምሌ 2016 መጣ። የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ማዳበሪያን ሙሉ በሙሉ ከውጭ ለምታስገባ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም። ያኔ ከነዳጅ፣ ከመድኃኒትና ከምግብ ዘይት ጋር ድጎማ እንዲደረግላቸው ከተወሰነላቸው ዕቃዎች አንዱ ማዳበሪያ ነበር። ስለዚህ ድጎማውን ለማጣጣል አይደለም የምንጽፈው። ባይኖር ኖሮ ስንቱ ማሳ ያለ ማዳበሪያ ይዘራ እንደነበር ማሰብ ያስፈራል።

የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ድጎማው ማን ጋ ይደርሳል?

እስቲ በቀላል ሒሳብ እንየው። በአንድ ኩንታል ላይ መንግሥት የሚሸፍነው 1,000 ብር ነው እንበል፤ ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ ነው። አራት ኩንታል የገዛ ገበሬ 4,000 ብር ተደጎመ። አንድ ኩንታል የገዛ 1,000 ብር ተደጎመ። ምንም መግዛት ያልቻለውስ? ዜሮ። ድጎማው የተጣበቀው ጆንያው ላይ ነውና ጆንያውን መግዛት ያልቻለ ሰው ድጎማውንም አያገኝም። በጣም የሚያስፈልገው ሰው ነው እንግዲህ ባዶ እጁን የሚመለሰው። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አሜሪካ ውስጥም የእርሻ ድጎማ ከመሬት ስፋትና ከምርት መጠን ጋር የተያያዘ በመሆኑ አብዛኛው ገንዘብ ወደ ትልልቆቹ እርሻዎች ይሄዳል እየተባለ ስንት ዓመት ሲነታረኩበት ኖረዋል።

ታዲያ ማን ነው መግዛት የማይችለው? ጊዜውን እዩት። ማዳበሪያ የሚገዛው በዋናነት ከግንቦት እስከ ሐምሌ ነው። ያ ደግሞ ያለፈው ዓመት እህል ጎተራ ውስጥ የሚያልቅበት፣ ገበያ ላይ እህል የሚወደድበት፣ ገበሬው ሻጭ መሆኑ ቀርቶ ሸማች የሚሆንበት ወቅት ነው። በተለምዶ ለአንድ ሄክታር የሚመከረው አንድ ኩንታል ዳፕና አንድ ኩንታል ዩሪያ ነበር፤ አሁን በየአፈሩ ዓይነት ምክሩ ይለያያል። ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው እንኳ በዚህ ስሌት ሁለት ጆንያ ያስፈልገዋል። ገንዘቡን ከየት ያመጣዋል? ወይ በግ ይሸጣል፣ ወይ ከተማ ያለ ልጁ ይልክለታል፣ ወይ ይበደራል።

ብድሩ ላይ ነው ነገሩ ወደ እኛ የሚመጣው።

የማዳበሪያ ብድር በገጠር ትዝታው ጥሩ አይደለም። ክልሎች ለባንክ ዋስ ሆነው ማዳበሪያ በዱቤ ይታደል በነበረበት ዘመን፣ ዝናብ ሲቀር ወይም የእህል ዋጋ ሲወድቅ የቀበሌ ሹማምንት ዕዳ ለመሰብሰብ ይወርዱ ነበር። ለማዳበሪያ ዕዳ በሬውን የሸጠ ገበሬ ታሪክ ከአባቶቻችን ያልሰማ ያለ አይመስለንም። ኋላ ላይ ብድሩ ወደ ብድርና ቁጠባ ተቋማት ዞረ፤ ከነሱ ትልልቆቹ ዛሬ ጸደይና ሲንቄ ተብለው ባንክ ሆነዋል። አሠራሩ ተሻሽሏል፤ ገበሬው ኩፖን ይዞ ማኅበሩ መጋዘን የሚሄድበት ሥርዓትም ተዘርግቷል። ግን መደበኛው ብድር ወለድ አለው። ለወለድ ነፃ ተብሎ የተዘጋጀው አማራጭ ደግሞ ከተማ ላይ በደንብ የሚታወቀውን ያህል ቀበሌ ድረስ አልወረደም።

አሁን ወሎን አስቡ፣ አርሲን አስቡ፣ ባሌን፣ ስልጤን። ሸይኹ ስለ ሪባ ከመስጂድ ሚንበር ላይ የተናገሩትን ይዞ ወደ ቤቱ የተመለሰ ገበሬ። ሁለት ጆንያ ያስፈልገዋል። ብር የለውም። ብድር አለ፤ ወለድ አለበት። አልወስድም ይላል። በዚያች «አልወስድም» ምክንያት ብድሩን ብቻ አይደለም ያጣው፤ ድጎማውንም አጣ። ድጎማው የተከፈለው እሱም ጨው፣ ሳሙናና ዘይት ሲገዛ ከሚከፍለው ታክስ ጭምር ነው። ማንም አስቦበት ያደረገው አይደለም፤ ሙስሊሙን ገበሬ ለማግለል የተጻፈ መመሪያ አለ የሚል ክስም የለንም። ውጤቱ ግን ያው ነው፤ ዲኑን የጠበቀው ሰው ከድጎማው ወጣ።

ከዚያ በኋላ ምን ያደርጋል? አንዱ ግማሽ መጠን ገዝቶ ማሳውን ሁሉ በስሱ ያዳርሳል። አንዱ ከነጋዴ በዱቤ ይወስዳል። በዱቤ ሲገዙ ዋጋው ከፍ ማለቱ በራሱ ብዙኃኑ ዑለማ የፈቀዱት ነው፤ ችግሩ ማኅበሩ በድጎማ ዋጋ የሚሸጠውን ማዳበሪያ ገበሬው ከነጋዴው እጅ በእጥፍ ሲገዛው ነው። ሌላው ደግሞ ገና አበባ ላይ ያለ ሰብሉን በቁሙ ይሸጣል። ይህን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፍሬው ደርሶ ደኅንነቱ ሳይታወቅ እንዳይሸጥ ሲሉ እንደከለከሉ እናውቃለን። ከወለድ የሸሸው ሰው ሌላ የተከለከለ ውል ውስጥ ይገባል ማለት ነው፤ ያውም በረከሰ ዋጋ።

እዚህ ላይ መራራ ነገር እንናገር። ያ ነጋዴ አንዳንዴ የእኛው ሰው ነው። ለገበሬው ተብሎ የተደጎመ ዩሪያ በጓሮ በር ወጥቶ ከተማ ውስጥ መጋዘን ሲከማች፣ ሰኔ ሲገባ ደግሞ ዋጋው ሲሰቀል፣ ባለ መጋዘኑ ዘንድሮ ዑምራ ያደረገ ሊሆን ይችላል። ሕዝብ ዋጋ ሲወደድበት ሊሸጥ ብሎ ማከማቸት (ኢሕቲካር) ኃጢአት መሆኑን መድረሳ የተቀመጠ ሕፃን ያውቃል። ከሕዝብ ግምጃ ቤት የተከፈለበትን ዕቃ ማሸሽ ደግሞ ተጨማሪ ነው። የወለድ ነገር ሲነሳ ጉሮሯችን እስኪነቃ የምንጮኸውን ያህል እዚህ ላይ ድምፃችን አይሰማም።

ሸሪዓ የገበሬውን ወጪ ዐይቶ የሚፈርድ ሕግ ነው። የሰብል ዘካን ተመልከቱ። ምርቱ አምስት ወስቅ፣ በዘመኑ ሚዛን 650 ኪሎ አካባቢ፣ ሲደርስ ዘካ ይወጅባል። በዝናብ ከበቀለው አንድ አስረኛ፣ ውኃ እየተቀዳ ወጪና ድካም ወጥቶበት ከበቀለው ግን የዚያ ግማሽ፣ አንድ ሃያኛ። ገበሬው ስለ ደከመበትና ስላወጣበት ግዴታው በግማሽ ቀነሰለት። ለእርሻው የተበደረውን ዕዳ ከዘካው በፊት ይቀንስ ወይስ አይቀንስ በሚለው ላይም ከሰሓባዎች ዘመን ጀምሮ ዑለማዎች ተወያይተውበታል። የዛሬ 1,400 ዓመት የግብዓት ወጪ የፊቅህ ጉዳይ ነበር። ለእኛ ግን የዲን ጉዳይ መስሎ አይታየንም።

እንግዲህ ወደ ባንኮቻችን እንምጣ። ይህ ማኅበረሰብ ከወለድ ነፃ ባንክ ለማግኘት ብዙ ጠብቋል። በ2004 የተፈቀደው በመደበኛ ባንኮች ውስጥ የሚከፈት መስኮት ብቻ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ እንዲቋቋም የተፈቀደው በ2011 ነው። ዘምዘም በ2013 በሩን ከፈተ፣ ሒጅራ ተከተለ፣ ዛሬ አብዛኞቹ ባንኮችም መስኮቱ አላቸው። አልሐምዱሊላህ። ገንዘባችንን በቢሊዮኖች አስቀመጥን። የአክሲዮን ድርሻ የገዛንም አለን። ብራችን ከወለድ ተጠብቋል ብለን እፎይ አልን፤ ብሩ ከዚያ በኋላ የት እንደሚሄድ ግን አልጠየቅንም። በአብዛኛው የሚሄደው ሙራበሓ በሚባለው ውል ወደ ንግድ፣ ወደ ተሽከርካሪ፣ ወደ ግንባታ ዕቃ ነው። ግብርና በጠቅላላው ከአገሪቱ ባንኮች ብድር የሚደርሰው ድርሻ ትንሽ ነው። የእኛዎቹ ከዚህ ይለያሉ ብለን ለመናገር የሚያስችል ነገር አላሳዩንም።

ባንኮቹ መልስ አላቸው፤ እሱንም በፍትሕ እናቅርበው። «ማዳበሪያን በሙራበሓ መሸጥ አስቸጋሪ ነው» ቢሉ እውነት አላቸው። ሙራበሓ ማለት ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ተረክቦ፣ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ ለደንበኛው በዱቤ የሚሸጥበት ውል ነው። የተደጎመ ማዳበሪያ ግን መሸጫ ዋጋው የተወሰነ፣ ሻጩም ኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሆነ ዕቃ ነው። ባንክ መሀል ገብቶ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ልሽጥ ቢል የድጎማውን ዓላማ ይጻረራል። ዝናብ ቢቀርስ? ገበሬው ምን ያስይዛል? መሬቱ የመንግሥት ነው። እነዚህ ጥያቄዎች የሰነፍ ሰበብ አይደሉም።

ነገር ግን ሙራበሓ ብቸኛው ውል አይደለም። ለገበሬ ተብሎ የተፈቀደ የሚመስል ሌላ ውል አለ፤ ሰለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች የቴምርን ዋጋ አንድና ሁለት ዓመት ቀድመው ሲከፍሉ አገኟቸው። አልከለከሏቸውም፤ መጠኑ፣ ሚዛኑና ጊዜው የታወቀ ይሁን ብለው ሥርዓት አበጁለት። በሌላ አባባል ገዢው ዛሬ ሙሉ ዋጋውን በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል፣ ሻጩ ከወራት በኋላ እህሉን ያስረክባል። ገበሬው በሰኔ ጥሬ ገንዘብ አገኘ። በዚያ ገንዘብ ከማኅበሩ መጋዘን ማዳበሪያውን በድጎማው ዋጋ ራሱ ይገዛል። የመሸጫ ዋጋ ሕግ አልተነካም፣ ድጎማው አልባከነም፣ ወለድ የለም። ባንኩ በጥር ስንዴ ወይም ጤፍ ይረከባል፤ አስቀድሞ ከዱቄት ፋብሪካ ወይም ከዩኒየን ጋር ሌላ ራሱን የቻለ ውል ከያዘ እህሉን ታቅፎ አይቀመጥም። ከእያንዳንዱ ገበሬ ጋር መዋዋል ቢከብደው ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጋር ይዋዋል።

ቀላል ነው እያልን አይደለም። ሱዳን ይህን ሞክራዋለች። የሱዳን ግብርና ባንክ ለብዙ ዓመታት ለገበሬዎች በሰለም ሲያበድር ኖሯል፤ ችግር የገጠመው በዋጋ ንረት ነው። በዘር ወቅት የተቆረጠው ዋጋ አዝመራው ሲደርስ ከገበያው በጣም አንሶ ይገኝና ገበሬው ተበደልኩ ይላል። ለዚህም ልዩነቱ ከአንድ ሦስተኛ ካለፈ የተጎዳው ወገን እንዲካስ የሚል አንቀጽ ውሉ ላይ ጨመሩ። የእኛም አገር የዋጋ ንረት የታወቀ ነው፤ የሱዳንን ስህተት ሳንደግም ከመፍትሔያቸው መማር እንችላለን። የሸሪዓ አማካሪ ቦርድ ለእያንዳንዱ ባንክ ያለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው እንጂ ለመኪና ሙራበሓ ማኅተም ለመምታት ብቻ አይደለም።

ባንክ ባንክ ስንል ራሳችንን ግን አንርሳ። እኛ የከተማ ልጆች ጤፍ እንገዛለን። በሰኔም እንገዛለን፣ በጥርም እንገዛለን፤ ከወፍጮ ቤት ወይም ከእህል ነጋዴ። ደመወዝተኛ የሆንን፣ ሱቅ ያለን፣ ዕቁብ የምንጥል ሰዎች ነን። የጥሩን ጤፍ ዋጋ በሰኔ ለአጎታችን መክፈል ምን ይከለክለናል? አሥር ጓደኛሞች ተነጋግረው እያንዳንዳቸው የግማሽ ኩንታል ዋጋ ቢያወጡ፣ አንድ ቀበሌ ውስጥ ያሉ ጥቂት ገበሬዎች ወለድ ደጃፍ ሳይረግጡ ጆንያቸውን ያነሳሉ።

ሥርዓቱን ግን ጠብቁ። ሙሉው ዋጋ በውሉ ቦታ ይከፈል፤ ግማሹን ዛሬ ግማሹን ሲደርስ ካላችሁ ብዙኃኑ ዑለማ ዘንድ ሰለም መሆኑ ይቀራል። ነጭ ይሁን ሰርገኛ፣ ስንት ኪሎ፣ በየትኛው ወር፣ የት እንደምትረከቡ ይጻፍ። «ከዚያ ከወንዙ ዳር ካለው ማሳህ» አትበሉ፤ ሰለም በተወሰነ ማሳ ምርት ላይ አይታሰርም፣ ያ ማሳ በበረዶ ሊመታ ይችላልና። ሳትረከቡት ለሌላ አትሽጡት። ጻፉ፣ ምስክር አቁሙ፤ የቁርኣን ረጅሟ አንቀጽ፣ አል በቀራ 282፣ የዕዳ ውልን ስለ መጻፍ የወረደች ናት፣ ኢብኑ ዐባስም ሰለምን በእሷ ሥር ቆጥረውታል። ከዚህ በላይ ያለውን ዝርዝር በአካባቢያችሁ ያሉ ዑለማዎችን ጠይቁ።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ እሱን ደብቀን «ሰለም ሁሉን ይፈታል» አንላችሁም። የአጎታችሁ ሰብል ብቻ ቢበላሽና ገበያ ላይ ጤፍ ቢኖር፣ ውሉ ውል ነው፤ ገዝቶም ቢሆን ማስረከብ አለበት። ድሃ ገበሬ ይህን ሸክም መሸከም ይከብደዋል። ስለዚህ ከሚጠብቀው ምርት ትንሹን ብቻ ግዙ፤ ሁለት ጆንያ ማዳበሪያ የሚያወጣለትን ያህል፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ቢቸግረው ጊዜ መስጠት የእናንተ ነው፤ የተቸገረን ባለ ዕዳ እስኪያገኝ መጠበቅ አላህ (ሱ.ወ) ያዘዘው ነው፤ ስለ ቆየ ብላችሁ አንድ ኪሎ እንኳ ብትጨምሩበት ግን የሸሻችሁትን ወለድ በራሳችሁ እጅ ሠራችሁት። ዋጋውን ስትቆርጡም ቀድሞ ስለ ተከፈለ ትንሽ መርከሱ የውሉ ጠባይ ነው፤ ጨንቆታልና በግማሽ ልውሰድ ማለት ግን ከዚያ ሰብል በቁሙ ከሚገዛው ነጋዴ የሚለየን ነገር ምን ሊሆን ነው? ጭራሽ ምንም የሌለውን ገበሬ ደግሞ ሰለም ውስጥ አታስገቡት። እሱ የዘካ ባለ መብት ነው። የመስጂዳችሁ ጀማዓ ዘካ ሲሰበስብ ከሬሽን ባሻገር የሚያስብ ከሆነ፣ በሰኔ ሁለት ጆንያ ማዳበሪያ መግዣ ማለት በጥር ራሱን የቻለ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ቀበሌዎች የገበሬውን የማዳበሪያ ፍላጎት የሚመዘግቡትም፣ የውጭ ግዥው የሚጀመረውም ዝናቡ ከመምጣቱ ወራት ቀድሞ ነው። ገንዘባችሁን ወዳስቀመጣችሁበት ባንክ በሰኔ ብትሄዱ የምታገኙት መልስ «የዘንድሮው አልፏል» ነው። ከጥር በፊት ሂዱ። የአክሲዮን ባለቤት የሆናችሁ ደግሞ ዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጃችሁን አውጡ። ሁለት ጥያቄ ይበቃል፤ ከተቀማጫችን ምን ያህሉ ገበሬ ጋ ደረሰ? በሰለም ውል የገዛችሁት አንድ ኩንታል እህል አለ?